ብስክሌተኛው በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ

(የመክፈቻ ዜማ ለአፍታ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጠፋል)

ከሥራ ገብታችሁ አረፍ ያላችሁ፣ በሱቅ ደንበኛ እየጠበቃችሁ የምታዳምጡ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተሰባሰባችሁ ሁሉ፣ ዛሬም ለሳምንታዊው የትምህርት ዝግጅታችን ጥቂት ጊዜ ስጡን። ልጆች በቅርባችሁ ካሉ ጥሯቸው፤ የዛሬው ጨዋታ የእነሱ ነው።

(የብስክሌት ደወል፤ ሁለት ጊዜ)

ልጆች፣ ይህ ድምፅ ምንድን ነው? ለያችሁት? የብስክሌት ደወል ነው። አንድ ብስክሌተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ከተማሪዎች ጋር ቢጨዋወት ምን ይጠቅማል? የልጅን ልብ የሚያነሣሣው የትኛው ወሬ ነው? ማንስ ቢያወራው ይሻላል? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ከመተማ ተነሥቶ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባና በሐዋሳ በኩል ሞያሌ በሚደርሰው መንገድ ዳር የምትኖሩ አድማጮቻችን ይህን ነገር ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ከካይሮ ተነሥተው ኬፕታውን ለመግባት በብስክሌት የሚጓዙ የውጭ ሰዎች በደጃችሁ አልፈዋል። አንዱ ብቻውን፣ ሌላው ከጓደኛው ጋር፣ አንዳንዴም ብዙ ሆነው በቡድን። ሻንጣው ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ በፀሐይ ቀልቷል፤ ዳገቱን ቀስ እያለ ይወጣዋል።

ልጆቻችን ይህን ሰው ሲያዩ ምን ይላሉ?

(የልጆች ጩኸት ከሩቅ፤ “ዩ! ዩ! ዩ!”)

አዎ፣ “ዩ! ዩ!” ይላሉ። “ፈረንጅ!” ይላሉ። “ሃይላንድ!” ይላሉ፤ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ስጠኝ ማለታቸው ነው። “ብር!” “እስክሪብቶ!” የሚሉም አሉ። አንዳንዴ ደግሞ ድንጋይ ይወረወራል። ይህን ሳንሸፋፍን እንናገረው። በአገራችን ያለፉ ብዙ ብስክሌተኞች በማስታወሻቸው ስለ ተራሮቻችን፣ ስለ ቡናችን፣ በየቤቱ ስለተደረገላቸው መስተንግዶ ከጻፉ በኋላ ያንን ድንጋይ ሳያነሡ አያልፉም። የሚያሳዝን ነው።

ግን እስቲ ልጁን ደግሞ እንየው። ያ ልጅ በባዶ እግሩ ከብስክሌቱ ጎን ዳገት ሽቅብ ይሮጣል። ለምን? ለባዶ ጠርሙስ ብቻ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። በልቡ ብዙ ጥያቄ አለ። ይህ ሰው ከየት መጣ? የት ሊደርስ ነው? ማታ የት ያድራል? ብስክሌቱ ቢበላሽ ማን ይሠራለታል? እናቱ አትሰጋም? ልጁ ይህን ሁሉ የሚጠይቅበት ቋንቋም ጊዜም አላገኘም። ብስክሌተኛው ሳይቆም አለፈ። ጥያቄው በጩኸት ወጣ።

ታዲያ ያው ብስክሌተኛ በትምህርት ቤቱ በር ገብቶ፣ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ በመምህሩ አስተርጓሚነት አንዲት ክፍለ ጊዜ ቢቀመጥስ?

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

አላስታይር ሃምፍሪስ የሚባል እንግሊዛዊ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 የ24 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ብስክሌቱ ላይ ሻንጣውን ጭኖ ዓለምን ለመዞር ከአገሩ ወጣ። አሳቡ በእስያ በኩል ማለፍ ነበር። ጉዞ ከጀመረ ገና ብዙ ሳምንታት ሳይቆጠሩ፣ የእኛ የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ በዋለበት ዕለት፣ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ያ የሽብር ጥቃት ደረሰ። አፍጋኒስታን የጦርነት ምድር ልትሆን ነው። ወጣቱ ምን አደረገ? አቅጣጫውን ቀየረ። በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል ወደ አፍሪካ ወረደ፤ ግብፅን፣ ሱዳንን፣ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን አቋርጦ ኬፕታውን ደረሰ።

በዚያም አላበቃም። በመርከብ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከዚያ እስከ አላስካ ነዳ፤ በክረምት ሳይቤሪያን አቋረጠ። ቤቱ የገባው ከአራት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው። 60 አገሮች፣ 74,000 ኪሎ ሜትር ያህል። በየመንገዱ ትምህርት ቤቶች ይገባ ነበር፤ ከተመለሰ በኋላም ለተማሪዎች መናገርን ሥራዬ ብሎ ያዘው። በብስክሌት ዓለምን ስለሚዞር ልጅ ለልጆች መጻሕፍት ጽፏል።

አሁን ልጠይቃችሁ። 74,000 ኪሎ ሜትር ሲባል አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ምን ይሰማዋል? ይደነቃል። “ወይ ጉድ!” ይላል። ከዚያስ? “ይህ የእኔ ነገር አይደለም” ብሎ ይተወዋል። ትልቅ ቁጥር ያስደንቃል እንጂ መንገድ አያሳይም።

መምህሩ ግን ጠመኔ አንሥቶ ቁጥሩን ለቀናቱ ያካፍለው። አራት ዓመት ከሦስት ወር ስንት ቀን ነው? ሲካፈል በቀን 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ እንደመድረስ ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ በብስክሌት ማን ይሄዳል? ጤነኛ ወጣት ሁሉ ይሄዳል! ልዩነቱ ሰውየው በማግስቱም መሄዱ፣ በሠልስቱም መሄዱ ነው።

ገንዘቡስ? ጉዞው በሙሉ የፈጀው 7,000 ፓውንድ ያህል ነው፤ ተማሪ ሳለ ያጠራቀመው። በእኛ ኪስ ሲታይ ብዙ ነው፤ ለአራት ዓመት ኑሮ ግን በእንግሊዝ አገር ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። በድንኳን እያደረ፣ ርካሽ ምግብ እየበላ ነው የዘለቀው።

እንግዲህ የዛሬው ዋና ነጥባችን ይህ ነው፤ ልጆችም ያዙት። ምን ያህል ሄደ ሳይሆን እንዴት ሄደ። እንግዳው የደረሰበትን ብቻ ሲናገር ልጁ ያጨበጭባል። የሄደበትን መንገድ እርምጃ በእርምጃ ሲናገር ግን ልጁ ለራሱ ማሰብ ይጀምራል። ደግሜ ልበለው፤ ምን ያህል ሄደ ሳይሆን እንዴት ሄደ!

(የብስክሌት ሰንሰለት ሲሽከረከር የሚሰማ ድምፅ)

አሁን ደግሞ ወደ አፍሪካችን፣ ወደ ጋና እንሻገር። ይህን ታሪክ ቀስ ብለን እናውራው፤ እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ነው።

በ1977፣ አሁንም በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጋና ውስጥ አንድ ሕፃን ተወለደ። ስሙ ኢማኑኤል ኦፎሱ ዬቦዋ ይባላል። የቀኝ እግሩ የታችኛው አጥንት በወጉ አልተሠራም ነበር። አባቱ ጥሎ ሄደ። ያኔ በአካባቢው እንዲህ ያለ ልጅ እንደ እርግማን ይታይ ነበር፤ ብዙዎች ለእናቱ “ምን ያደርግልሻል?” አሏት። እናቱ ኮምፈርት ግን ልጇን ታቅፋ ትምህርት ቤት ወሰደችው። ከፍ ሲል በራሱ ይሄድ ጀመር፤ በአንድ እግሩ እያነከሰ፣ እየዘለለ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ያንኑ ያህል ተመልሶ።

ልጆች አያጫውቱትም ነበር። ምን ዘዴ ቢያመጣ ጥሩ ነው? ገንዘብ አጠራቅሞ ኳስ ገዛ። ኳሱ የእሱ ነውና ሳያጫውቱት ሊቀሩ አልቻሉም! በምርኩዝ እየተደገፈ ተጫወተ። ብስክሌት መንዳትንም ከጓደኛው ጋር ተለማመደ፤ እየወደቀ፣ እየተነሣ፣ በአንድ እግሩ ብቻ እየመታ።

በ13 ዓመቱ ወደ አክራ ከተማ ሄዶ ጫማ ጠረገ፤ ከሚያገኘውም ለእናቱ ይልክ ነበር። በዚያን ጊዜ በአክራ ጎዳናዎች እንደ እሱ ያለ አካል ጉዳተኛ ወጣት ይለምናል ተብሎ ነበር የሚታሰበው። እሱ ግን አልለመነም። እናቱ በ1997 አረፈች። ከዚያ በኋላ ነው ያ አሳብ የመጣለት። አገሬን በብስክሌት ባቋርጥስ? በአንድ እግሬ? ሰው ሁሉ እያየኝ?

ብስክሌት ግን የለውም። ስለዚህ በአሜሪካ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞችን ለሚረዳ ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። የጠየቀው ብስክሌት ነው። ላኩለት። በ2001 ጋናን በብስክሌት አቋረጠ፤ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ10 ቀን። በየመንደሩ ቆመ፣ ከገበሬውም ከሹሙም ከጋዜጠኛውም ጋር ተነጋገረ። ከቤት የማይወጡ የነበሩ አካል ጉዳተኛ ልጆች ሊያዩት ወጡ።

(ለአፍታ ዝምታ)

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሣ። እነዚያ ልጆች ሊያዩት የወጡት 600 ኪሎ ሜትር ስለሄደ ነው? ርቀቱማ ከአላስታይር ጋር ሲተያይ ምን አለው! የወጡት እነሱን ስለሚመስል ነው። የእሱ እግር እንደ እነሱ እግር ነው። የእሱ እናት የሰማችውን የእነሱም እናቶች ሰምተዋል። በ2006 የጋና ፓርላማ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብር ሕግ አጸደቀ። ለሕጉ የታገሉት ብዙዎች ናቸው፤ ኢማኑኤልም ከእነሱ ጋር ድምፁን አሰምቷል።

እንግዲህ ሁለተኛውን ነጥብ ያዙ። ቅርብ ያለ ሰው ይበልጥ ያነሣሣል። በሩቅ የሚኖረውን እናደንቀዋለን፤ የሚመስለንን ግን እንከተለዋለን።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአገራችን፣ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ፣ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች አብረው ያጠኑት ጥናት አለ፤ በፈረንጆቹ 2014 ነው የወጣው። ለገበሬዎች ፊልም አሳዩ። ፊልሙ ላይ የሚናገሩት እንደ እነሱው በገጠር የሚኖሩ፣ ከድህነት ተነሥተው በእርሻ ወይም በትንሽ ንግድ ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች ናቸው። በራሳቸው ቋንቋ፣ ምን ብለው እንደጀመሩ፣ ምን እንዳሰናከላቸው፣ እንዴት እንዳለፉት ያወራሉ። ለሌሎች መንደርተኞች ደግሞ ተራ የመዝናኛ ዝግጅት ታየ። ለሦስተኞቹ ምንም አልታየም።

ከስድስት ወር በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ጠየቁ። ምን ያገኙ ይመስላችኋል? የእነዚያን ሰዎች ታሪክ ያዩት ገበሬዎች ለልጆቻቸው የሚመኙት ከፍ ብሏል፤ መቆጠብ ጨምረዋል፤ ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡት ገንዘብም ጨምሯል። ለውጡ ጋራ የሚያህል አልነበረም። ነገር ግን አንዲት ሳንቲም ሳይሰጣቸው፣ ወሬ ብቻ ሰምተው ነው ይህ የሆነው። ደግሞም የሚመስላቸውን ሰው ወሬ።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

“እንዲያማ ከሆነ በእኛ አገር ብስክሌተኛ ከየት እናምጣ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። በምን ስፖርት? በአትሌቲክስና በብስክሌት! ከአበበ ቢቂላ የሮም ድል አራት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ጋላቢዎች ያኔ የአገራችንን ስም ይዘው ወጥተዋል። ስለ ሯጮቻችን ስናወራ እነሱን መርሳታችን ደግ አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች የጎዳና ውድድር ኢትዮጵያን ወክላ ጀመረች። ሴት ልጆች፣ ይህን ስም ያዙት።

ጎረቤታችን ኤርትራን ደግሞ እዩ። ዳንኤል ተክለሃይማኖት በፈረንጆቹ 2015 በቱር ደ ፍራንስ የተራራ ዳገት ለሚቀድም ጋላቢ የሚሰጠውን ባለ ቀይ ነጠብጣብ ማሊያ ለበሰ። ያኔ በአስመራ ቢንያም ግርማይ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ2024 ቢንያም በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ፣ በነጥብ ብልጫ የሚሸለመውን አረንጓዴ ማሊያ ወደ ቤቱ ወሰደ። በቱር ደ ፍራንስ የዕለት ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እሱ ነው። አስመራ እንዴት ብላ እንደተቀበለችው በቴሌቪዥን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ።

ግን ስሙኝ። ትምህርት ቤታችሁ ቢንያምን ወይም ጽጋቡን ማምጣት ላይችል ይችላል። አያስፈልግምም! ከሰፈራችሁ ፈልጉ። በየቀኑ በብስክሌት ጤና ጣቢያ የምትመላለስ ነርስ የለችም? በየከተማው ሳይክል እያከራየ፣ ጎማ እየለጠፈ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው የለም? በክልል ውድድር የተሰለፈ፣ የክለብ ልምምድ የሚሠራ ወጣትስ? በባሕር ዳር ሰፊ ጎዳና ብስክሌት ስትነዳ የምትታይ እህትስ? እነሱ ናቸው እንግዶቻችሁ።

(የብስክሌት ደወል)

መምህራን፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እንግዳው መጣ እንበል። ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙ ጊዜ የምናየው እንዲህ ነው። ተማሪው በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት በፀሐይ ይሰለፋል። ርእሰ መምህሩ ያስተዋውቃሉ። እንግዳው ድምፅ ማጉያ ይዞ “በርቱ፣ ጠንክሩ፣ ከሠራችሁ ትደርሳላችሁ” ይላል። ይጨበጨባል። ያበቃል። እኔ ይህን አልወደውም። “በርቱ” የሚለውን ቃል ልጆቻችን ከተወለዱ ጀምሮ ሰምተውታል።

ሌላ አካሄድ እንሞክር። ከሰልፉ ይልቅ አንድ ክፍል ወይም አንድ ዛፍ ጥላ ይሁን። ብስክሌቱ መካከል ይቁም። መጀመሪያ የሚናገሩት ልጆቹ ይሁኑ፤ ይጠይቁ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች ቀደም ብለው ጥያቄ አዘጋጅተው እንግዳውን ቃለ መጠይቅ ቢያደርጉለት እንዴት ያምራል! በማግስቱም በእረፍት ሰዓት ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ያሰሙታል።

ከዚያ እጅ ይሥራ። የተበሳ ካላማዳሪ ይቅረብ። በፓምፕ ይነፋና ውኃ በሞላው ሳፋ ውስጥ ይነከር። አረፋ የወጣው የት ነው? እዚያ ነው ቀዳዳው! አረፋው ለምን ወጣ? አየሩን ምን ገፋው? የሳይንስ መምህር ይህን ዕድል እንዳያሳልፉት። ቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ጥቂት ይቆይና ቁራጩ ይለጠፋል። ይህን በእጇ የሠራች ልጅ ጎሚስታ ቤት ስታልፍ በሌላ ዓይን ታየዋለች።

የሒሳብ መምህርም ተራ አላቸው። ፔዳሉ ላይ ያለው ጥርሳም ክብ 48 ጥርስ አለው እንበል፤ የኋላው 16። ልጆች፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ስንት ጊዜ ይዞራል? አስቡት...

(ለአፍታ ዝምታ)

ሦስት ጊዜ! ዳገት ላይ ጋላቢው የኋላውን ወደ ትልቁ ክብ ለምን እንደሚቀይርስ? ይህን ለክፍላችሁ ትቼዋለሁ። በደረቁ ሲነገር የሚያንገሸግሽ የማካፈል ሒሳብ ብስክሌት አጠገብ ሲሆን ጨዋታ ይሆናል።

ስለ ደኅንነትም እንግዳው ራሱ ይናገር፤ ከመምህር ይልቅ እሱን ይሰሙታል። ራስ መከላከያ ቆብ ለምን እንደሚያደርግ ያሳያቸው። በመንገዱ ቀኝ መሄድን፣ ሲመሽ መብራት ማብራትን ያስረዳቸው። በተለይ ከአይሱዙ ኋላ ተንጠልጥሎ ዳገት መውጣትን በግልጽ ይከልክል። ሬዲዮ ላይ ሆኜ እኔም እለምናችኋለሁ፣ ልጆች፤ ይህን አታድርጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእንግዶቹ። እባካችሁ ብርና ከረሜላ ይዛችሁ አትምጡ። በመንገድ ላይ የምንሰማው “ስጠኝ” የሚለው ጩኸት እንዲህ ባለ ደግነት ነው የተለመደው። ለትምህርት ቤቱ የምትሰጡት ካለ ለርእሰ መምህሩ ወይም ለወላጅ ኅብረቱ ስጡ። ለልጆቹ የምትሰጡት ጊዜያችሁንና መንገዳችሁን ነው። ምን ያህል እንደሄዳችሁ ሳይሆን እንዴት እንደሄዳችሁ!

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

ወላጆች፣ ስለ ሴት ልጆቻችሁ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ልጅቷ እንግዳዋን ሰምታ ልቧ ተነሣሣ እንበል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግን ሩቅ ነው። መንገዱ ያደክማል፣ ያስፈራልም። ታዲያ መነሣሣቱ ብቻውን ምን ይሠራላታል?

ሕንድ ውስጥ ቢሃር የምትባል ድሃ ክፍለ ግዛት አለች። በፈረንጆቹ 2006 የክፍለ ግዛቷ መንግሥት ዘጠነኛ ክፍል ለገባች ሴት ልጅ ሁሉ የብስክሌት መግዣ መስጠት ጀመረ። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ሁለተኛ ደረጃ የገቡት ሴቶች ቁጥር በሲሶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ይበልጥ የተጠቀሙትም ከትምህርት ቤት ርቀው ያሉት መንደሮች ናቸው። ሴቶቹ ተሰባስበው፣ ሰልፍ ሠርተው ይነዱ ነበር። በዚያ አገር ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ መታየቷ ራሱ ብርቅ ነበር፤ መንደሩ በየጠዋቱ ሲያያት ለመደ። እኛ ዘንድስ “ሴት ልጅ ሳይክል ትነዳለች እንዴ?” የሚል ሰው የለም? አለ። ለዚያ ሰው ክርክር አያስፈልገውም። በየጠዋቱ ስታልፍ ይያት።

በከተማ ያላችሁ ደግሞ አጋጣሚ አላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” በሚል መጠሪያ በተወሰኑ እሑዶች ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈቱ ጀመር። ልጅ ያለ ስጋት ብስክሌት የምትለማመድበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

አሁን አንዲት ሴት ላስተዋውቃችሁ። ደርቭላ መርፊ ትባላለች፤ የአየርላንድ ሰው ናት። 10 ዓመት በሞላት ልደቷ ሁለት ስጦታ አገኘች፤ አሮጌ ብስክሌትና የዓለም ካርታ መጽሐፍ። ጥቂት ቀን ቆይታ፣ አንድ ዳገት ላይ ፔዳል እየመታች፣ “እስከ ሕንድ ልሄድ እችላለሁ” ብላ ወሰነች። ግን በ14 ዓመቷ የታመመች እናቷን ለማስታመም ትምህርቷን አቋረጠች። ዓመታት አለፉ። በፈረንጆቹ 1963፣ በ31 ዓመቷ፣ አውሮፓ በበረዶ ተሸፍና ሳለ ብስክሌቷ ላይ ወጣች፤ በዚያው ዓመት ሕንድ ደረሰች። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ እኛ አገር መጣች። ያኔ በብስክሌት አልነበረም፤ ከምጽዋ ተነሥታ፣ በኋላም በቅሎ ይዛ በሰሜን ተራሮች በኩል እስከ አዲስ አበባ ዘለቀች። መጽሐፍም ጻፈችበት።

ከዚህ ምን እንማር? መምህራን፣ የዛሬ እንግዳችሁ ያነሣሣውን ልጅ ፍሬ ነገ ጠዋት አትፈልጉበት። ደርቭላ 21 ዓመት ጠብቃለች። ቢሆንም ውሳኔዋን አልጣለችውም። ስለዚህ እንግዳው በሄደ ማግስት አንድ ክፍለ ጊዜ መድቡ። እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ ሊደርስበት የሚፈልገውን፣ እና በዚህ ሳምንት ለዚያ የሚያደርገውን አንድ ትንሽ ነገር። ሁለተኛው ይበልጣል። ወረቀቶቹን ሰብስቡና አስቀምጡ። በሴሚስተሩ መጨረሻ መልሱላቸው፤ ራሳቸው ይዩት፣ ራሳቸው ያርሙት። እንግዳውም ቢችል ያን ቀን እንዲመለስ ጠይቁት። ሁለተኛ የመጣ እንግዳ ከልቡ እንደሆነ ልጆች ያውቃሉ።

(የመዝጊያ ዜማ ከሥር ቀስ ብሎ ይጀምራል)

ልጆች፣ የዚህ ሳምንት ሥራችሁን ያዙ። ከሰፈራችሁ በብስክሌት የሚሠራ ወይም የሚወዳደር አንድ ሰው ምረጡ። ትምህርት ቤታችሁ ቢመጣ የምትጠይቁትን ሦስት ጥያቄ ጻፉ። አንዱ “እንዴት?” የሚል ይሁን። ለመምህራችሁ ስጡ፤ ለእኛም ላኩልን። የተሰማችሁን የምትጽፉ ወላጆችና መምህራንም ደብዳቤያችሁን እንጠብቃለን። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የተወሰኑትን አንብበን መልስ እንፈልግላቸዋለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ዜማ ከፍ ብሎ ያበቃል)